ጎማ ሲሾር ፍሬን ይረዳልን?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር



 የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የንግግር ርእስ እንድንመርጥ በታዘዝን ጊዜ ብዙ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዳንዱ ስለ ፋሲል ግንብ፤ አንዳንዱ ስለ ሰሜን ተራራ ዋልያ እንናገር አለ። እነዚህ መልካም አርእስት ናቸው፤ ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩት ታላላቆቻችን ደጋግመው ተናግረውባቸዋል። እኛ የመረጥነው በየክረምቱ በዐይናችን የምናየውን፤ ሾፌሮችም በየሻይ ቤቱ የሚከራከሩበትን ነገር ነው። ይኸውም መኪና ጭቃ ገብቶ አንደኛው ጎማው ባለበት ሲሾር፤ ፍሬን መያዝ ይረዳል ወይስ አይረዳም የሚለው ጥያቄ ነው።

ርእሱን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ሳይስቅ አይቀርም። ፍሬን የተሠራው ለማቆም ነው፤ የቆመን መኪና ለማስኬድ ፍሬን መያዝ፤ የተራበን ሰው ለማጥገብ አፉን እንደ መያዝ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙ ዘመን መሪ የጨበጡ ሾፌሮች፤ ጎማ በጭቃ ሲሾርባቸው የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ አድርገው ቀስ ብለው ነዳጅ ይሰጣሉ። «አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንደ እነሱው ብዙ ዘመን የነዱ፤ «ይህ ከንቱ ነገር ነው፤ ሞተሩን ማድከም ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች የተከበሩ፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የማን ዕድሜ ይበልጣል ብለን ሳይሆን፤ ነገሩ ራሱ ምን ይላል ብለን ልንመረምር ተነሣን።

ነገሩ ለእኛ አገር ቀላል አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚህ ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ደባርቅ እንደርሳለን። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ኩርባ በኩርባ እየተጠማዘዘ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይዘልቃል። ይህ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀደደ ሲሆን፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሾፌር ችሎታ መፈተኛ ሆኖ ይነሣል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የጠጠር መንገድ ደግሞ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ፤ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ ይሻገራል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ብንዞር የደምቢያ ሜዳ እስከ ጣና ዳር፤ እስከ ጎርጎራ ተዘርግቶ እናገኘዋለን።

ከጎንደር ደባርቅ ያለው ዋናው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ነገር ግን አገሩ ሁሉ በዋናው መንገድ ዳር አልተቀመጠም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ በክረምት ማጥ ይሆናል። በተለይ የደምቢያው ጥቁር ዋልካ አፈር፤ በበጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይሰነጣጠቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጎማውንም እንደ ሊጥ ይለጠፍበታል። በዚያ ጊዜ መኪና ከቆመ የሚቆመው ጭነት ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ከመኪናው ወርዳ በሰው ትከሻ ትሄዳለች። መድኃኒቱም፤ ሐኪሙም በመንገድ ይቀራሉ።

ወላጆቻችን እንደሚያስታውሱት ወይም ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በሚከተለው ዓመት በ1954 በከተማችን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ እርሱም ለዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሆነ። ጤና መኰንኑ፣ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው በዚያ ተምረው ወደ ገጠር ሲወጡ፤ እውቀታቸው እስከ መንደሩ የሚደርሰው መንገዱ ካሳለፋቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማ ለምን ይሾራል ብሎ መጠየቅ የሾፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም እንላለን።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ።

የፈረስ ጋሪ ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይዞራሉ። ፈረሱ የሚጎትተው ጋሪውን እንጂ እግሮቹን ስለማያዞር፤ አንዱ ቢፈጥን ሌላው ቢዘገይ ችግር የለም። የመኪና ነገር ግን ሌላ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ጎማዎቹን ነው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት አጥብቀን ብናስራቸው ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል መዞር ግድ ይሆንባቸዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ይህ ደኅና ነው። በኩርባ ላይ ግን የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ምን ያህል ይበልጣል? በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፤ መኪናው አንድ ሙሉ ክብ ሲዞር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 9 ሜትር ያህል የበለጠ ይጓዛል። የሚያስደንቀው ነገር ክቡ ቢሰፋም ቢጠብም ልዩነቱ ያው 9 ሜትር መሆኑ ነው። የሒሳብ ጓደኞቻችን 2 ጊዜ 3.14 ጊዜ 1.4 አባዝተው ማረጋገጥ ይችላሉ። በሊማሊሞ አንድ ግማሽ ክብ በሆነ ኩርባ ላይ ልዩነቱ አራት ሜትር ተኩል ያህል ነው ማለት ነው። ሁለቱ ጎማዎች ታስረው ቢሆን ኖሮ በየኩርባው አንደኛው እየተፋቀ ጎማውም አያልቅ አይባልም፤ መኪናውም ለመሪ አይታዘዝም።

ለዚህ መድኃኒት የሆነው ሾፌሮቻችን ዲፈረንሻል የሚሉት በኋላ ዘንግ መካከል ያለው ጥርስ የበዛበት መሣሪያ ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር ገና በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእንፋሎት ሰረገላ እንዲሆን አስቦ ሠርቶታል። እንግዲህ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ሲቀበሉ መሣሪያው የሰማንያ ዓመት አዛውንት ነበር። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኀይል ተቀብሎ በግራና በቀኝ ባሉት ሰሚያሶች በኩል ወደ ሁለቱ ጎማዎች ያካፍላል፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው እንዲዘገይም ይፈቅዳል።

ይህን በዐይናችን ለማየት ሞተሩ ጠፍቶ በማርሽ የቆመ መኪና ሁለቱ የኋላ ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው፤ በታኮም በደንብ ተደግፎ አንዱን ጎማ በእጃችን ወደ ፊት አዞርን። ሁለተኛው ጎማ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ዞረ። ከታናናሾቻችን መካከል አንዱ «ተጣልተዋልን?» ብሎ ጠየቀ። አልተጣሉም። አንዱ የጨመረውን ሌላው እንዲቀንስ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ጠቅላላ ድምራቸውን የሚወስነው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከቆመ ድምሩ ምንም ነው።

የዲፈረንሻልን ጠባይ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ሁለት ልጆች ያሏት፤ አድልዎ የማታውቅ እናት አለች እንበል። አንዱን ልጅ አንድ ጉርሻ ካጎረሰች ሌላውንም አንድ ታጎርሳለች፤ ከዚያ አታበልጥም፤ አታሳንስም። አንደኛው ልጅ ታሞ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልውጥም ቢል፤ ጤነኛው ልጅ ምንም ቢርበው ከሁለት በላይ አያገኝም። ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። የመዞሪያውን ፍጥነት ለሁለቱ ጎማዎች እንደየፍላጎታቸው ይተውላቸዋል፤ የማዞሪያውን ኀይል ግን እኩል ያካፍላቸዋል። አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ ብዙ ኀይል ሊሸከም ካልቻለ፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ጎማ ጭቃ ላይ ያለው ከሚሸከመው በላይ አይሰጠውም። ሞተሩ ቢያገሣም ትርፉ የደከመውን ጎማ ይበልጥ ማሾር ብቻ ነው። ስለዚህ ጭቃ የገባው መኪና የጎደለው የሞተር ጉልበት አይደለም፤ ጉልበቱ የሚያርፍበት መሬት ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና በመቶ ሜትር 15 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ቆሟል። እንዳይንሸራተትና እንዲወጣ ወደ ላይ የሚገፋው ቢያንስ 300 ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልገዋል። የግራ ጎማው ጭቃ ላይ ስለ ሆነ 100 ኪሎ ብቻ ሊገፋ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከተሰጠው ይሾራል። የቀኝ ጎማው ደረቅ ጠጠር ስለ ረገጠ 600 ኪሎ ሊገፋ ይችል ነበር። ሁለቱ ቢደመሩ 700 ይሆናሉ፤ ለዳገቱ ይበቃሉ ያሰኛል። ነገር ግን ዲፈረንሻል እኩል ስለሚያካፍል የቀኙም የሚያገኘው 100 ብቻ ነው። 100ና 100 ሲደመር 200 ይሆናል። 300 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መኪናው አይነቃነቅም።

እንግዲህ የሚሾረውን የግራ ጎማ ብቻ በፍሬን 150 ኪሎ በሚያህል ኀይል ያዝነው እንበል። ያን ጎማ ለማዞር አሁን ለጭቃው 100፤ ለፍሬኑ 150፤ በድምሩ 250 ያስፈልጋል። እናቲቱ እኩል ስለምታጎርስ ለቀኙም 250 ትሰጣለች። የቀኙ ጎማ ፍሬን ስላልያዘው 250ውን በሙሉ መሬት ላይ ያውለዋል። ከግራው 100፤ ከቀኙ 250፤ በድምሩ 350 ሆነ። መኪናው ወጣ! ፍሬኑ ለታመመው ልጅ የውሸት የምግብ ፍላጎት ሰጠው ማለት ነው፤ በዚያ ምክንያት ጤነኛው ጠገበ። ስለዚህ «ፍሬን ይረዳል» የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው።

ነገር ግን የእጅ ፍሬን አንድን ጎማ ለይቶ አይዝም፤ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በአንድነት ይይዛል። ይህን እንመርምር። ሁለቱንም በ150 ያዝናቸው። የግራው 250 ይፈልጋል፤ የቀኙም 250 ይደርሰዋል። ነገር ግን ከቀኙ 250 ላይ የራሱ ፍሬን 150 ይበላበታል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው 100 ብቻ ነው። የግራው 100፤ የቀኙ 100፤ ድምሩ እንደ ገና 200። በአንድ እጅ የተሰጠውን በሌላው እጅ መውሰድ ሆነ። ፍሬኑን ብናበረታውም ውጤቱ አይለወጥም፤ የሞተሩ ድካምና የፍሬኑ ግለት ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ «ከንቱ ነው» የሚሉትም ወገኖች እውነት አላቸው።

ታዲያ ይህ ከሆነ፤ ብዙ ሾፌሮች የእጅ ፍሬን ስበው ከጭቃ ሲወጡ በዐይናችን ያየነው ምንድር ነው? ዋሹ አንልም። እኛ ያገኘናቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፤ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ጥቂት ሰበቃ አለ። በዚህ ሰበቃ ምክንያት ለዘገየው ጎማ ከሚሾረው ትንሽ አብልጦ ይደርሰዋል። ለግራው 4 ሲሰጥ ለቀኙ 5 ይሰጣል ብንል፤ ያለ ፍሬን ድምሩ 225 ይሆናል። ሁለቱንም በ150 ብንይዝ የግራው 250፤ የቀኙ 312 ከግማሽ ይደርሰዋል፤ ፍሬኑ ሲቀነስ ለመሬቱ 162 ከግማሽ ይቀራል። ከግራው 100 ጋር 262 ከግማሽ ሆነ። ጨመረ፤ ግን ጥቂት ነው። መኪናውን ለማውጣት ጥቂት ብቻ ጎድሎት ከነበረ ይህ ጥቂት ይበቃዋል።

ሁለተኛ፤ የአሮጌ መኪና ፍሬን በግራና በቀኝ እኩል አይዝም። አንዱ ሸራ ያለቀ፤ አንዱ ዘይት የነካው ሊሆን ይችላል። የሚሾረው የግራ ጎማ በ150፤ ደረቁ የቀኝ ጎማ በ50 ብቻ ቢያዝ ድምሩ 300 ይሆንና መኪናው ለመነቃነቅ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ጭቃው በሌላው ወገን ቢሆን ግን፤ ማለት የሚሾረው በ50፤ ደረቁ በ150 ቢያዝ፤ ደረቁ ጎማ ምንም አይተርፈውም፤ ድምሩ 100 ብቻ ይሆናል። «ትናንት ሠራ፤ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ነገር በአብዛኛው ምስጢሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ትናንት ጭቃው በግራ፤ ዛሬ በቀኝ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የሚሾር ጎማ ከማይሾር ጎማ ያነሰ መሬት ይይዛል። ሲሾር ላዩን ጭቃ እየፈተገ ያለሰልሰዋል፤ ጉድጓዱንም ያጠልቀዋል። ሲሾር 100 ብቻ የሚይዝ ጎማ፤ ሳይሾር በቀስታ ቢነሣ 150 ሊይዝ ይችላል። 150ና 150 ደግሞ 300 ነው። እንግዲህ የእጅ ፍሬኑን ሳብ ያደረገው ሾፌር ጎማውን ከመሾር አረጋጋው፤ ነዳጁንም በልክ እንዲሰጥ ራሱን አስገደደ። ያወጣው ፍሬኑ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው ማለት እንችላለን። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህም ያገለግላል። ይህንኑ ትርፍ ያለ ፍሬን፤ በሁለተኛ ማርሽ ተነሥቶ እግርን ከነዳጅ ላይ በማቅለል ማግኘት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ፍሬን በእውነት የሚረዳባቸውን ሦስት መሣሪያዎች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ትራክተር ነው። በመተማ ሜዳ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ የሚሠራውን ትራክተር ያየ ሰው፤ ከሾፌሩ ቀኝ እግር ሥር ሁለት የፍሬን መርገጫዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያል። አንዱ የግራውን፤ ሁለተኛው የቀኙን የኋላ ጎማ ለብቻ ይይዛል። ገበሬው በእርሻው ዳር በጠባብ ቦታ ለመዞር የውስጡን ጎማ ይይዛል፤ አንዱ ጎማ ሲሾርበትም እርሱን ብቻ ይይዛል። ይህ ከላይ ያሰላነው የ350ው ሒሳብ ነው። ነገር ግን ትራክተሩ ወደ አውራ ጎዳና ሲወጣ ሁለቱ መርገጫዎች በመቀርቀሪያ መያያዝ አለባቸው፤ አለዚያ በፍጥነት ላይ ሳለ አንዱን ብቻ የረገጠ እንደ ሆነ ትራክተሩ ይገለበጣል።

ሁለተኛው በዘመናችን መኪና ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይደርቅ የሚያደርገውን ኤ ቢ ኤስ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። በየጎማው አጠገብ ፍጥነቱን የሚቆጥር አነፍናፊ አለ። በ1986 ደግሞ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ጎማ በነዳጅ ብዛት እንዳይሾር የሚያደርገው መሣሪያ ወጣ። ዛሬ ይህ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ይገኛል። አንዱ ጎማ ከጓደኛው ይልቅ ሲፈጥን ኮምፒዩተሩ ያውቅና ያን ጎማ ብቻ በፍሬን ይይዘዋል፤ ሾፌሩ የሚሰማው ኩርኩር የሚል ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሾፌር ድምፁን ሰምቶ ደንግጦ እግሩን ማንሣት የለበትም፤ ነዳጁን በልክ ይዞ መሣሪያው ሥራውን እንዲሠራ ይተወው። ፍሬኑ በጣም ከጋለ መሣሪያው ራሱን ስለሚያጠፋ ብዙ ጊዜ ማስደጋገም አይገባም።

ሦስተኛው ቶርሰን የተባለው የዲፈረንሻል ዓይነት ነው። ይህ እኩል አያጎርስም፤ ለዘገየው ጎማ ለሚሾረው ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ አብልጦ ይሰጣል። ሦስት እጥፍ ይሰጣል እንበል። ነገር ግን አንዱ ጎማ ጨርሶ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ቢሾር፤ የዜሮ ሦስት እጥፍ ዜሮ ስለ ሆነ እርሱም አይረዳም። በዚህን ጊዜ ሁለቱንም በ150 ብንይዝ፤ በአየር ላይ ያለው 150፤ መሬት የረገጠው 450 ይደርሰዋል፤ ፍሬኑ 150 ሲበላ 300 ይተርፋል። ሐምቪ የሚባለው የአሜሪካ ወታደር መኪና እንዲህ ያለ ዲፈረንሻል ስላለው፤ ሾፌሮቹ ፍሬንና ነዳጅ በአንድነት እንዲረግጡ ይማራሉ። ስለዚህ በአንዱ መኪና ከንቱ የሆነው ዘዴ በሌላው መኪና ትክክለኛ ትምህርት ነው። በምን መኪና ላይ ነው ብሎ ሳይጠይቁ መከራከር ዋጋ የለውም።

ዲፈረንሻሉን ለጊዜው የሚቆልፍ መሣሪያ ያላቸው መኪናዎችም አሉ። ሲቆለፍ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ይዞራሉ፤ ደረቁ ጎማ የቻለውን ሁሉ ይገፋል፤ ፍሬንም አያስፈልግም። መቆለፍ የሚገባው ጎማው ገና ሳይሾር ቆሞ ሳለ ነው፤ ከጭቃው እንደ ወጡም ወዲያው መክፈት ይገባል። የተቆለፈ ዲፈረንሻል ይዞ በሊማሊሞ ኩርባ መግባት፤ መኪናው መሪ እምቢ እንዲል መፍቀድ ነው።

አሁን ስለ አደጋው ጥቂት እንናገር፤ ከንግግራችን ሁሉ እንዲታሰብልን የምንፈልገው ይህ ክፍል ነው።

በፍሬን ላይ ነዳጅ መስጠት ፍሬኑን ያግላል። የጋለ ፍሬን የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ከደባርቅ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ሲታገል ቆይቶ ወዲያው ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር፤ ፍሬኑ በሚያስፈልገው ሰዓት ፍሬኑን አድክሞ ይገባል። ከጭቃ ለመውጣት አንድ ሰዓት ቢፈጅ ፍሬኑ እስኪበርድ ቆሞ መጠበቅ፤ ከዚያም በከባድ ማርሽ መውረድ ይሻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሮጌው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬኑ በጎማዎቹ ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው በስተ ኋላ የሚዞረውን ዘንግ ይይዛል። ይህ ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለ ሆነ ግራና ቀኝ አይለይም፤ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይረዳም፤ በጉዞ ላይ ቢሳብም ዘንጉንና ጥርሱን ይጎዳል። ሞተሩ የፊት ጎማዎችን የሚያዞር ትንሽ አውቶሞቢልም የእጅ ፍሬኑ በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚውል፤ መሳቡ የሚጎትተውን ሸክም መጨመር ብቻ ነው።

አንዱ ጎማ ቆሞ አንዱ ሲሾር፤ የሚሾረው በፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ከሚታየው እጥፍ ይዞራል። መቁጠሪያው 40 ሲል ጎማው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሾረ ነው። ድንጋይ ቢያገኝ እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል። ከኋላ ቆሞ የሚገፋው፤ አጎንብሶም ድንጋይ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ያለ ልጅ ወይም ረዳቱ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ የሚያስገባው ጎማው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ አስገብቶም ወደ ጎን ርቆ ይቁም፤ ከመኪናው በታች ባለው ዳገት ላይ ደግሞ ማንም አይቁም።

ለማውጣት የሚረዱት ነገሮች የታወቁና ርካሽ ናቸው። መጀመሪያ እግርን ከነዳጅ ማንሣት፤ ከመኪናው ወርዶ የትኛው ጎማ እንደሚሾር መመልከት፤ ጭቃውን ከጎማው ፊት በአካፋ መጥረግ፤ ጠጠር፣ ሸካራ ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ማንጠፍ፤ ሰንሰለት ካለ በጎማው ላይ ማሰር፤ ከዚያም በዝቅተኛ ፍጥነት በቀስታ መነሣት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ 100 ብቻ ይይዝ የነበረው የደከመው ጎማ 200 እንዲይዝ ያደርጉታል። ዲፈረንሻል ደግሞ እኩል አካፋይ ስለ ሆነ፤ ደካማው 200 ሲይዝ ብርቱውም 200 ያገኛል፤ ድምሩ 400 ሆነና መኪናው ይወጣል። አንድ አካፋና ሁለት ቅርጫት ጠጠር ይዞ የሚወጣ ሾፌር፤ ከማንኛውም ዘዴ የበለጠ መሣሪያ ይዟል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤

ክርክሩን ስንጀምር በክፍላችን ውስጥ ሁለት ወገን ሆነን ነበር። ድምፅ ቢሰጥ «ይረዳል» ያሉት ያሸንፉ ነበር፤ በቁጥር ይበዙ ነበርና። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ግማሽ እንደ ነበረ ታየ። አንድ ጎማ ብቻ ከተያዘ ይረዳል፤ ሁለቱ እኩል ከተያዙ በተራ ዲፈረንሻል ላይ እምብዛም አይረዳም። ይህን ለማወቅ ያስፈለገን መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሒሳብ ለፈተና ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ ለማሳሰብ እንወዳለን።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለን። ከመካከላችሁ መኪና ያላችሁ፤ ወይም ልጆቻችሁ በመኪና ላይ የሚሠሩ፤ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር የግራና የቀኝ ፍሬን እኩል እንዲይዝ አስመርምሩ፤ ያለቀውን ሸራ አስለውጡ፤ አካፋውንም ከመኪናው አታውርዱ። መምህራኖቻችንም ስለ ታገሡን፤ «ለምን?» ብለን በጠየቅን ቍጥር «ራሳችሁ አስሉት» ብለው ስለ መለሱልን እናመሰግናለን። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ስንወጣ አንዳንዶቻችን ወደ ደምቢያ፤ አንዳንዶቻችን ወደ ጃናሞራና ወደ ደባርቅ እንመለሳለን። ሰኔ ሲገባ በአንዱ ጥርጊያ መንገድ ላይ ከመካከላችን አንዱ በአካፋ ጭቃ ሲጠርግ ብታዩት፤ ከመኪናው ወርዳችሁ አግዙት።